ምዕራፍ 7፦ ዓምዶቹ የቆሙበት ወለል

የሁለት ልጆችን ቁመት ለማወዳደር ሜትር አያስፈልገንም። ጫማቸውን አስወልቀን ጀርባ ለጀርባ እናቆማቸውና ከራሳቸው በላይ መዳፋችንን በአግድም እናሳልፋለን። ማን እንደሚበልጥ፣ በስንት ጣት እንደሚበልጥ ጭምር ወዲያው እናውቃለን። ፍርዱን ያቀለለው ሁለቱም አንድ ወለል ላይ መቆማቸው ነው። አንደኛው ድንጋይ ላይ ቢወጣ፣ ወይም ሁለቱም ከአንገታቸው በታች በግድግዳ ቢጋረዱ፣ ያው ዓይን ያሳስተናል።

በየቢሮው «ባር ግራፍ» የምንለው የዓምድ ግራፍ ሥራው ይኸው ነው፤ ቁጥሮችን አቁሞ ቁመታቸውን ያስለካናል። ባለፈው ምዕራፍ የሽያጭ ሠንጠረዣችንን አጽድተን፣ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሽያጭ ብቻ እንዲይዝ አድርገናል። አሁን ያንኑ ሠንጠረዥ ወደ ግራፍ እናመጣዋለን። የምንሠራው በፓወር ቢአይ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ያቀረበው የሪፖርት ማዘጋጃ ፕሮግራም ሲሆን፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቅጂ ያለ ክፍያ ይወርዳል። በሌላ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ የቁልፎቹ ቦታና ስም ይለይባችኋል፤ በግራፉ ላይ የምትወስኑት ነገር ግን ያው ነው።

ከቁጥር ወደ ቁመት

ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1786 የእንግሊዝን ንግድ በግራፍ የሚያሳይ አትላስ አሳተመ። በወጣትነቱ በእንፋሎት ሞተር ስሙ ለገነነው ለጄምስ ዋት በነዳፊነት ሠርቷል። በአትላሱ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ግራፎች ንግድ ከዓመት ዓመት ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳዩ መስመሮች ናቸው። ስኮትላንድ ላይ ሲደርስ ግን እጁ የገባው መረጃ የአንድ ዓመት ብቻ ሆነ፤ ከ1780 የገና በዓል እስከ 1781 የገና በዓል። በአንድ ዓመት መረጃ መስመር አይሰመርም። ስለዚህ ስኮትላንድ የምትነግድባቸውን 17 አገሮችና ግዛቶች ወደታች ደርድሮ፣ ለእያንዳንዳቸው የገቢና የወጪ ንግዱን መጠን በተኛ ዘንግ አሳየ። ጊዜን ስለማያሳይ እሱ ራሱ ይህን ግራፍ ከሌሎቹ ያነሰ ጥቅም እንዳለው ነበር የቆጠረው። ዛሬ በዓለም ላይ በየቀኑ ከሚሠሩት የንግድ ሪፖርቶች ስንቱ ይህን በመረጃ እጥረት የተወለደ ሐሳብ ተሸክሞ እንደሚሄድ ሳስብ ይደንቀኛል።

ሐሳቡ ለምን እንደሠራ በሙከራ የተፈተነው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ግራፍ ሲያነቡ የት ላይ ይበልጥ እንደሚሳሳቱ ለኩ። ሰዎች በትንሹ የሚሳሳቱት ሁሉም ነገር ከአንድ መነሻ ተለክቶ ጫፉን ብቻ እንዲያወዳድሩ ሲጠየቁ ነው። መነሻው ሲለያይ ስህተቱ ይጨምራል፤ ማዕዘንንና ስፋትን ሲያወዳድሩ ደግሞ ይበልጥ ይጨምራል። ክብ ግራፍ ላይ ሁለት ቁራጮች እኩል ይሁኑ አይሁኑ የምንከራከረው፣ ዓምድ ላይ ግን የማንከራከረው ለዚህ ነው።

ግራፉን ማቆም

ለምሳሌ ያህል የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት አለ እንበል። ሠንጠረዡ ውስጥ ቀን፣ ቅርንጫፍ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ነጠላ ዋጋና የሽያጭ መጠን የሚሉ ዓምዶች አሉ።

በፓወር ቢአይ ባዶው የሪፖርት ገጽ ላይ ሆናችሁ፣ በቀኝ በኩል ካሉት ትንንሽ የግራፍ ምስሎች መካከል «ክላስተርድ ኮለም ቻርት» የሚለውን ተጫኑ። ባዶ ሳጥን ገጹ ላይ ይቀመጣል። ከምስሎቹ ሥር ባዶ ቦታዎች ታያላችሁ። «ኤክስ አክሲስ» ግራፉ በምን እንደሚከፈል የሚጠይቅ ነው፤ «ቅርንጫፍ» የሚለውን ጎትታችሁ እዚያ ጣሉት። «ዋይ አክሲስ» ቁመቱ ምንን እንደሚለካ ይጠይቃል፤ «የሽያጭ መጠን»ን ስጡት። አራት ዓምዶች ይቆማሉ። «ሌጀንድ» የሚለው ሦስተኛው ቦታ እያንዳንዱን ዓምድ በቀለም ለመክፈል ነው፤ ለጊዜው ባዶውን ተዉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነገር አለ። እኛ ቁጥር ሰጠነው እንጂ ምን እንዲያደርግበት አልነገርነውም፤ ፕሮግራሙ ግን ደመረው። ሽያጭ ሲሆን መደመሩ ትክክል ነው። ነጠላ ዋጋን ብንሰጠው ኖሮ ግን የሲሚንቶውን፣ የብረቱንና የምስማሩን ዋጋ ሁሉ ደምሮ፣ ብዙ ደረሰኝ የቆረጠውን ቅርንጫፍ ውድ ሻጭ አስመስሎ ያቆመው ነበር። ዓመተ ምሕረት የያዘ ዓምድ ብንሰጠውም 2015ን እና 2016ን ያለ ምንም ጥርጥር ይደምራቸዋል። የሰጣችሁት ስም ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ብትጫኑ ድምር፣ አማካይ፣ ቆጠራ እያለ ምርጫ ያወጣል። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ቁመቱ የምን ቁመት እንደሆነ እዚያ ላይ ወስኑ።

ዓምዶቹ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተደርድረው ይመጣሉ። ለቅርንጫፍ ይህ ጥሩ ነው፤ ማን እንደቀደመ ያሳያል። በግራፉ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ አደራደሩን መለወጥ ትችላላችሁ።

ወለሉ ዜሮ ነው

የሐዋሳ ሽያጭ 5 ሚሊዮን ብር፣ የአዳማ 4.8 ሚሊዮን ብር ይሁን። ልዩነቱ 4 በመቶ ገደማ ነው፤ ሁለቱ ዓምዶች ሲቆሙ እኩል ሊመስሉ ምንም አልቀራቸውም። አለቃው ግራፉን ያይና «ልዩነቱ አይታይም፤ አጉላው» ይላል። ባለሙያው «ፎርማት» ወደሚለው የቀለም ብሩሽ ምልክት ገብቶ፣ በ«ዋይ አክሲስ» ሥር ዝቅተኛው ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ላይ 4.6 ሚሊዮን ይጽፋል። ወዲያው ሐዋሳ የአዳማ እጥፍ ሆኖ ቆመ፤ ምክንያቱም ከ4.6 በላይ የቀረው ለሐዋሳ 0.4፣ ለአዳማ 0.2 ነው። በጎን የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ትክክል ነው። ማንም አልዋሸም፤ ግን ልጆቹ ከአንገታቸው በታች ተጋርደዋል።

በዓምድ ግራፍ ላይ አንባቢው የሚያየው የቀለሙን ርዝመት ነው። ርዝመቱ ሁለት እጥፍ ከሆነ ቁጥሩም ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። ይህ የሚሆነው ወለሉ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። በመስመር ግራፍ ላይ ሕጉ የላላ ነው፤ እዚያ የምናነበው የመስመሩን አቅጣጫ ስለሆነ ከዜሮ በላይ መጀመር አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በዓምድ ላይ ግን እኔ ምንም ልዩነት አላደርግም። ኤክሴል ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ይህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ኤክሴል ማንም ሳያዘው የዓምዱን ግራፍ ከዜሮ በላይ ይጀምረዋል። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ራሳችሁ 0 ጻፉበት።

«ታዲያ ልዩነቱን እንዴት ላሳይ?» የሚለው የአለቃው ጥያቄ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው።

ዕቅድና ክንውን

አብዛኛው የመሥሪያ ቤት ሪፖርት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ነው። ስለዚህ የየቅርንጫፉን ዕቅድ የያዘ ሠንጠረዥም አለን እንበልና፣ በ«ዋይ አክሲስ» ላይ ከክንውኑ ጎን ዕቅዱንም ጎትተን እንጣል። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ይቆማል። አዳማ 5.1 ሚሊዮን አቅዶ 4.8 ሸጠ፤ ሐዋሳ 4.9 አቅዶ 5 ሸጠ፤ ባሕር ዳር 4.7 አቅዶ 4.9 ሸጠ፤ ድሬዳዋ 4.6 አቅዶ 4.5 ሸጠ። ግራፉ ላይ የምናየው ስምንት እኩል የሚመስሉ ዓምዶች ነው። እዚህ ነው ሰው ወለሉን ለመቁረጥ የሚፈተነው።

መፍትሔው ወለሉን ትቶ ቁጥሩን መቀየር ነው። ልናሳይ የፈለግነው ልዩነቱን ከሆነ ልዩነቱን ራሱን እናቁመው። ፓወር ቢአይ ውስጥ «ሜዠር» የሚባል ነገር አለ፤ አንድ ጊዜ ጽፈን የምናስቀምጠው ስሌት ማለት ነው። «ክንውን ሲቀነስ ዕቅድ» የሚል ስሌት አዘጋጅተን እሱን ብቻ ወደ «ዋይ አክሲስ» እንጎትት። አሁን ባሕር ዳር ከወለሉ በላይ 0.2፣ ሐዋሳ 0.1 ሆነው ይቆማሉ፤ ድሬዳዋ ከወለሉ በታች 0.1፣ አዳማ 0.3 ይወርዳሉ። ወለሉ አሁንም ዜሮ ነው፤ ትርጉሙ ግን «ዕቅዱ ልክ ተሟላ» ሆኗል። አለቃው የጠየቀው ልዩነት ገጹን ሞልቶ ታየ፤ የአንድም ዓምድ እግር አልተቆረጠም።

ይህን ግራፍ ብቻውን ማቅረብ ግን አልወድም። የ0.3 ሚሊዮን ጉድለት ከ5 ሚሊዮን ሲሆንና ከግማሽ ሚሊዮን ሲሆን አንድ አይደለም፤ የልዩነት ግራፍ ደግሞ ይህን ይደብቃል። ከሥሩ ሙሉውን ሽያጭ የያዘ ትንሽ ሠንጠረዥ ወይም የመጀመሪያውን ግራፍ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሁሉም ቅርንጫፎች አንድ ዓይነት ዕቅድ ከተሰጣቸው ለዕቅዱ ሌላ ዓምድ አያስፈልግም። በአጉሊ መነጽር ምልክት ከሚታወቀው የ«አናሊቲክስ» ክፍል «ኮንስታንት ላይን» የሚለውን መርጣችሁ የዕቅዱን ቁጥር ብትጽፉ አንድ መስመር በዓምዶቹ ላይ ያልፋል።

ፕሮግራሙ የማያውቃቸው ወሮች

ከቅርንጫፍ ወደ ወር ስንሄድ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚሠራ ሰው ዋናው ድካም ይጀምራል። ፓወር ቢአይ ቀን የያዘ ዓምድ ሲያገኝ ራሱ በዓመት፣ በሩብ ዓመት፣ በወርና በቀን ይከፍለዋል። የሚከፍለው ግን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ እሱ ጁላይ 8 ላይ ይውላል። ስለዚህ «ጁላይ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ያለፈው በጀት ዓመት የመጨረሻ 7 ቀናት ሽያጭ ተቀላቅሎ ይቆማል። የሰኔ መጨረሻ በብዙ ቦታ በጀት የሚዘጋበት፣ ግዢ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ እነዚያ 7 ቀናት ቀላል አይደሉም።

መውጫው ሠንጠረዡ ውስጥ የኢትዮጵያን ወር ስም በራሱ ዓምድ መያዝ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። የመጀመሪያው አጻጻፍ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ «ኅዳር»፣ ሌላው «ህዳር» ብሎ ከላከ ግራፉ ላይ ሁለት ኅዳር ይቆማል፤ እያንዳንዱም የሽያጩን ቁራሽ ይዞ። እኛ ስናነበው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሐምሌ»ና «ሀምሌ»፣ «ታኅሣሥ»ና «ታህሳስ»፣ «ጳጉሜን»ና «ጳጉሜ» እንደዚሁ ናቸው። አንድ ወር ያለ ምክንያት ያነሰ ከመሰላችሁ በመጀመሪያ መንትያውን ፈልጉ።

ሁለተኛው ተራ ነው። ወሮቹን በስማቸው ደርድር ስንለው ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፊደል ቅደም ተከተል ነው፤ ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ እያለ በሀ ሁ ተራ ያስኬዳቸዋል። ስለዚህ ከወሩ ስም ጎን ቁጥር የያዘ ዓምድ ጨምሩ፦ ሐምሌ 1፣ ነሐሴ 2፣ ጳጉሜን 3፣ መስከረም 4 እያላችሁ ሰኔን 13 አድርጉ። ከዚያ የወሩን ዓምድ መርጣችሁ «ሶርት ባይ ኮለም» በሚለው ቁልፍ በዚያ ቁጥር እንዲደረደር እዘዙት። ለአንድ የወር ስም ሁለት የተለያየ ቁጥር ከተሰጠ ፕሮግራሙ እምቢ ይላል፤ ይህም አጠቃላይ ሠንጠረዡን ለመፈተሽ ይጠቅማል።

አሁን 13 ዓምዶች በትክክለኛ ተራቸው ቆመዋል፤ ሦስተኛው ግን ከሌሎቹ ወገብ አይደርስም። ድርጅቱ በቀን 100 ሺህ ብር ቢሸጥ በ30 ቀን 3 ሚሊዮን፣ በጳጉሜን 5 ቀናት ደግሞ 500 ሺህ ይሸጣል። አገሩን የማያውቅ ባለሀብት፣ ወይም ግራፉን በችኮላ የሚያይ የቦርድ አባል፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ገበያው የወደቀ ይመስለዋል። ዓምዱ የቆመበት ወለል ዜሮ ነው፤ ግን ከ30 ቀን ልጅ ጎን የ5 ቀን ልጅ አቁመናል።

ጳጉሜንን ወደ ነሐሴ ወይም ወደ መስከረም መደረብ አንድ መንገድ ነው። ያን ጊዜ የተደረበበት ወር 35 ቀን ይሆንና በተራው ያለ አግባብ ይረዝማል። የተሻለው ድምሩን ለቀናቱ ብዛት አካፍሎ የቀን አማካይ ማቆም ነው፤ ጳጉሜንም ከነሐሴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል።

ይኸው ነገር በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ተደብቆ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜም ሳይታይ ያልፋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜንን ስለሚይዝ 95 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት 96። ሌሎቹ ሦስቱ 90 ቀን ናቸው። በቀን 100 ሺህ ብር የሚሸጥ ድርጅት በመጀመሪያው ሩብ ዓመት 9.5 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 9 ሚሊዮን ይሸጣል። ምንም ነገር ሳይለወጥ ከ5 በመቶ በላይ «ቅናሽ» ታየ ማለት ነው። በየቀኑ ለሚከፈት ሱቅ ሥራ አስኪያጅ ይህን ማስረዳት የባለሙያው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሠራተኛ የሚመሰገነውና የሚወቀሰው በእነዚህ ዓምዶች ነውና።

ትከሻ ላይ የቆመ ልጅ

ባዶ የተውነው «ሌጀንድ» ላይ የዕቃውን ዓይነት ብንጥል ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ቀለም ይሰጣል። የግራፉን ዓይነት «ስታክድ ኮለም» ወደሚለው ከለወጥነው ደግሞ ሲሚንቶው ከታች፣ ብረቱ በላዩ፣ ምስማሩ በብረቱ ላይ ተደራርቦ አንድ ዓምድ ይሆናል። ጠቅላላ ቁመቱ ጥሩ ሆኖ ይነበባል። ከታች ያለው ሲሚንቶም ወለሉ ላይ ስለቆመ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ማወዳደር ይቻላል። ብረቱ ግን ሌላ ልጅ ትከሻ ላይ የቆመ ልጅ ነው። የአዳማ ብረት ከሐዋሳ ብረት ይበልጥ እንደሆነ ለማወቅ አንባቢው ሁለቱንም በሐሳቡ ወደ መሬት ማውረድ አለበት፤ ክሊቭላንድና ማክጊል ስህተት ሲበዛ ያገኙትም መነሻቸው በተለያየ በእንዲህ ዓይነት ቁራጮች ላይ ነው።

ስለዚህ የተደራረበ ዓምድ የምመርጠው ጥያቄው ስለ ጠቅላላው ሆኖ፣ አንድ ክፍል ብቻ በተለይ መታየት ሲኖርበት ነው፤ ያንን ክፍል ከሥር አደርገዋለሁ። ሁሉም ክፍሎች እኩል መወዳደር ካለባቸው ለእያንዳንዱ ትንሽ ግራፍ መሥራት ይሻላል። «ስሞል መልቲፕልስ» የሚለው ቦታ ላይ የዕቃውን ዓይነት ብትጥሉ ፕሮግራሙ ራሱ ትንንሽ ግራፎችን ይደረድራል፤ እያንዳንዱም ልጅ የራሱ ወለል ያገኛል። ኤክሴል የሚያቀርበውን ባለ ሦስት ገጽታ ዓምድ ግን በምንም ሪፖርት ላይ አትጠቀሙ። ዓምዱ ወደ ኋላ ዘንበል ሲል ጫፉ የትኛውን መስመር እንደነካ ማወቅ አይቻልም።

ቀለም፣ ቁጥርና ርዕስ

የቀረው ልብስ ማልበስ ነው። ፕሮግራሙ የ5 ሚሊዮንን ዓምድ በላቲን ፊደል አሳጥሮ ይጽፈዋል። በ«ዲስፕሌይ ዩኒትስ» ሥር ሚሊዮን የሚለውን ራሳችሁ ምረጡና መለኪያውን በዘንጉ ርዕስ ላይ «ሽያጭ፣ በሚሊዮን ብር» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ። በየዓምዱ ራስ ላይ ቁጥር የሚያሳየውን «ዴታ ሌብልስ» ካበራችሁ በጎን ያለው የቁጥር ዘንግና ከኋላ ያሉት መስመሮች ሊጠፉ ይችላሉ፤ ያንኑ ቁጥር ሁለት ጊዜ መንገር ነው። ዓምዶቹ ከአሥር ከበለጡ ግን ቁጥሮቹ ስለሚጨናነቁ ዘንጉን ትቶ ቁጥሮቹን ማጥፋት ይሻላል።

አራት ቅርንጫፍ አራት ቀለም አያስፈልገውም፤ ስማቸው ከሥራቸው ተጽፏል። አንድ ቀለም ለሁሉም፣ ሌላ ቀለም ስለ እሱ ልትናገሩ ለፈለጋችሁት ዓምድ ስጡ። ከዕቅድ በታች የሆኑትን ለይቶ ለመቀባት ከቀለም መምረጫው ጎን ያለውን «ኤፍኤክስ» የሚል ቁልፍ ተጭኖ «ከዜሮ በታች ከሆነ» የሚል ሕግ መስጠት ይቻላል። ቀይና አረንጓዴን ለይቶ ማየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ ስላሉ ሰማያዊና ብርቱካናማን እመክራለሁ። ሪፖርቱ ፎቶ ኮፒ የሚደረግ ከሆነ ደግሞ አንዱን ጠቆር፣ ሌላውን ፈካ አድርጉት፤ ካልሆነ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ።

ርዕሱን ፕሮግራሙ በራሱ ይጽፋል፤ «የሽያጭ መጠን ድምር በቅርንጫፍ» የመሰለ ነገር። ይህ የሠንጠረዡ ስም ነው። «ጄነራል» ከሚለው ሥር ገብታችሁ ግራፉ የሚናገረውን ጻፉ፦ «በግማሽ ዓመቱ አዳማ ከዕቅዱ 0.3 ሚሊዮን ብር ጎድሎበታል»። እንዲህ ያለ ርዕስ ለመጻፍ ስትሞክሩ ምንም የሚጻፍ ነገር ከጠፋ፣ ግራፉ ገና ጥያቄውን አላገኘም ማለት ነው፤ ወደ «ዋይ አክሲስ» ተመልሳችሁ ቁመቱ የምን ቁመት እንደሆነ እንደገና ጠይቁ። ዓምዶቹ ደግሞ የሦስት ዓመት ወሮች ሆነው ወደ አርባ ከተጠጉ ጥያቄው የአካሄድ ጥያቄ ሆኗል፤ ፕሌይፌር ለእንግሊዝ ንግድ የመረጠውን መስመር ይፈልጋል፤ እሱን በምዕራፍ 8 እንሠራዋለን።